የማሳው ዳርና የዱር አሳማ፦ ችግርን፣ ምክንያትንና መፍትሔን የሚገልጽ ድርሰት

ሀ. የትምህርቱ ዓላማ

በዚህ ትምህርት አንድን ችግር ከነምክንያቱና ከነመፍትሔው አስተካክሎ የሚያቀርብ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ትማራላችሁ። እንዲህ ያለውን ድርሰት ለመጻፍ የቃላት ብዛትም ሆነ የአገላለጽ ውበት ብቻውን አይበቃም። ችግሩ ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ፣ ከምን እንደ መጣ መርምሮ መረዳት፣ ከዚያም መፍትሔውን በምክንያቱ ላይ መገንባት ያስፈልጋል። ከምክንያቱ ያልተነሣ መፍትሔ ምኞት እንጂ መፍትሔ አይደለምና።

ለምሳሌነት የተመረጠው ጉዳይ ከገበሬው ኑሮ የተወሰደ ነው። ይኸውም የዱር አሳማና ከርከሮ በአዝመራ ላይ የሚያደርሱት ጥፋት፣ ይህንንም ጥፋት መቆጣጠር እጅግ አስቸጋሪ የሆነበት ምክንያት ነው። ከእናንተ መካከል ማሳ ሲጠብቅ አድሮ እንቅልፍ ባልጠገበ ዐይን ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለው ተማሪ ምንባቡን ሲያነብ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል። የከተማ ልጅ የሆናችሁ ደግሞ በገበታችሁ ላይ የሚቀርበው እህል ከማሳ እስኪገባ ድረስ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ትረዳላችሁ።

ለ. ከማንበባችሁ በፊት

ቀጥለው የቀረቡትን ጥያቄዎች በየግላችሁ አስቡባቸው። ምንባቡን አንብባችሁ ስትጨርሱም የመጀመሪያ ሐሳባችሁ ተለውጦ እንደ ሆነ አስተያዩ።

1. አንድ ገበሬ አሳማን ከማሳው ቢያባርር ችግሩ ተወገደ ማለት ይቻላልን?
2. «ማባረር» እና «መቆጣጠር» በሚሉት ቃላት መካከል ምን ልዩነት አለ?

ሐ. ምንባብ

(1) ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የደሴን መንገድ የያዘ መንገደኛ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ከወረደ በኋላ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አድርጎ ከሚሴ ይገባል። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአካባቢዋ የተንጣለለው ለምለም ሜዳ የጨፋ ሸለቆ ይባላል። ስሙ «ጨፌ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ቃሉም ርጥበት የማይለየው ሣራማ መስክ ማለት ነው። ከደሴ አካባቢ የሚነሣው የቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ሸለቆውን እያረሰረሰ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያመራል። በወንዙ ዳርና ዳር ረግረግ፣ ደንገልና ቁጥቋጦ ይገኛል፤ ከዚሁ አጠገብም ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጤፍና ማሾ የሚበቅልበት የእርሻ መሬት ተያይዞ ይታያል።

(2) ውሃ፣ ሥራ ሥርና መሸሸጊያ ባለበት ሥፍራ አዝመራ ሲታከልበት የአሳማ ወገን ለሆኑ የዱር እንስሳት የተመቸ ይሆናል። ከእነዚህ መካከል በአገራችን ገበሬ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከርከሮ ነው። ከርከሮ ፊቱ ላይ እብጠት ያለው፣ ክራንቻው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ሲሮጥ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም እንስሳ ነው። የፊት እግሮቹን አጥፎ ተንበርክኮ ሣር ይግጣል። ቀን ተሰማርቶ ይውልና ሲመሽ ጉድጓድ ገብቶ ያድራል። ሁለተኛው በኦሮምኛ ቦዬ የሚባለው የዱር አሳማ ነው። ይህ ጠጉራም እንስሳ በተቃራኒው ቀን በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ውሎ ሌሊት መንጋ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ አንዱ የቀን፣ ሌላው የሌሊት በመሆናቸው ገበሬው የሚያርፍበት ሰዓት እንዳይኖረው አድርገውታል።

(3) ጥፋታቸው የሚጀምረው እህሉ ከመብቀሉ በፊት ነው። የተዘራውን ዘር በአፍንጫቸው አፈሩን እየማሱ ይለቅማሉ። በቆሎው ሲያሸት፣ ማሽላው ሲያፈራ ደግሞ አገዳውን ሰብረው ይጥሉታል። አሳማ ከሚበላው የሚረግጠውና የሚሰብረው ይበዛል። ጦጣና ዝንጀሮ አንዱን እሸት ቀጥፈው ሲሸሹ፣ የአሳማ መንጋ ግን ማሳው ውስጥ ገብቶ ይተራመሳል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ለወራት የደከመበት ጥማድ መሬት በአንድ ሌሊት ሊበላሽ ይችላል።

(4) ይህን ለመከላከል ገበሬው በማሳው መካከል ማማ ሠርቶ ያድራል። እሳት ያነዳል፤ ቆርቆሮ ይመታል፤ ጅራፍ ያጮኻል፤ ወንጭፍ ይወነጭፋል፤ ውሻም ያስከትላል። ማሽላ ረጅም ጊዜ በማሳ ላይ የሚቆይ እህል በመሆኑ ጥበቃውም ለሳምንታት ይቀጥላል። ቆላ አገር ውጭ የሚያድር ሰው ለብርድና ለወባ ትንኝ የተጋለጠ ነው። ሌሊቱን በማማ ላይ ያሳለፈ አባት ቀን በሥራው ላይ ይደክማል። አባት ሲደክም ተራው የልጅ ይሆናል። በዚህም ምክንያት አሳማው የማሽላውን አገዳ ብቻ ሳይሆን የልጁንም የትምህርት ጊዜ ይበላል። ይህን ጉዳት በኩንታል ሰፍሮ መናገር አይቻልም።

(5) ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበቃ እያለ ጥፋቱ ለምን አይቆምም? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፣ አሳማ ብልህ እንስሳ ነው። ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ነገር እንደማይጎዳው ሲረዳ ይለምደዋል። ትናንት ያስበረገገው የቆርቆሮ ጩኸት ከጥቂት ቀናት በኋላ አያስደነግጠውም። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ግልገሎች ስለሚወልድ ከሚገደለው የሚተካው ሊበልጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ አንበሳና ነብርን የመሳሰሉት አዳኞቹ በብዙ አካባቢዎች እጅግ ቀንሰዋል፤ ወይም ጨርሰው ጠፍተዋል። አራተኛ፣ የሰው ቁጥር በጨመረ መጠን እርሻው ወደ ረግረጉና ወደ ቁጥቋጦው ዳር እየተጠጋ ሄዷል። አሳማው ወደ ማሳው መጣ እንደምንል ሁሉ፣ ማሳውም ወደ አሳማው ሄዷል ማለት ይቻላል።

(6) አምስተኛው ምክንያት ከባህልና ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነው። በሸለቆው የሚኖረው ሕዝብ ብዙው ሙስሊም ሲሆን፣ የአሳማ ሥጋ በእስልምና እርም ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ዘንድ አይበላም። ስለዚህ በሌሎች አገሮች አሳማን ለሥጋው ሲሉ የሚያድኑት ሰዎች ቁጥሩን ሲቀንሱ፣ በእኛ አገር ግን አሳማ ማደን ድካም እንጂ ጥቅም የለውም። ከዚህም ሌላ የዱር እንስሳ የግለሰብ ንብረት አይደለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ችግር የሚፈጥሩ እንስሳት ሲኖሩ ጉዳዩ መታየት ያለበት ኀላፊነት በተሰጠው የመንግሥት አካል በኩል ነው።

(7) ስድስተኛውና ብዙ ጊዜ የማይነገረው ምክንያት ግን የገበሬዎቹ በተናጠል መከላከል ነው። በኡጋንዳ በኪባሌ ደን ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገው ጥናት ለዚህ ብርሃን ይሰጠናል። በዚያም የዱር አሳማ፣ ዝንጀሮና ሌሎች እንስሳት ያጠፉት አዝመራ እጅግ የሚበዛው ከደኑ ወሰን ከ200 ሜትር ባልራቀ መሬት ላይ እንደ ነበረ ታውቋል። የዚህን ትርጉም ልብ በሉ። የዳሩ ገበሬ የሚጠብቀው የራሱን ማሳ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ያለውን የመሀሉን ገበሬ ማሳ ጭምር ነው። መሀለኛው ቤቱ ተኝቶ ሲያድር ዳረኛው ለሁለቱም ዘብ ይቆማል። የዳሩ ገበሬ ተስፋ ቆርጦ መሬቱን ጦም ያሳደረ እንደ ሆነ ግን ቁጥቋጦው ይበቅልበታል፤ ትናንት መሀል የነበረው ማሳም ዛሬ ዳር ይሆናል።

(8) ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አሳማ በተፈጥሮ የሚገኝ የዱር እንስሳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1539 ሄርናንዶ ዴ ሶቶ የተባለው የስፔን ዘማች ወደ ፍሎሪዳ ሲገባ ለስንቅ የሚሆኑ አሳሞችን አስነድቶ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየዘመኑ ከሰው እጅ አምልጠው የዱር የሆኑ አሳሞች ተራብተው፣ ዛሬ ከ30 በሚበልጡ ግዛቶች ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደሚደርሱ ይገመታል። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ለመቆጣጠር ብሔራዊ ፕሮግራም አቋቁሟል። እዚያ የተገኘው ዋና ትምህርት፣ አንድ ሁለቱን መግደል መንጋውን ይበትነዋል እንጂ አያጠፋውም የሚል ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሰፊ ወጥመድ አዘጋጅተው መንጋውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመያዝ ይጥራሉ። ነገር ግን በሁለቱ አገሮች መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ። የአሜሪካው ከውጭ የገባ ነው፤ የእኛ ከርከሮና የዱር አሳማ ግን የአገሩ የጥንት ነዋሪዎች ናቸው። ለነብርና ለጅብ ምግብ ይሆናሉ፤ አፈሩንም ሲምሱ ያገላብጡታል። ስለዚህ የእኛ ግብ ማጥፋት ሳይሆን መቆጣጠር መሆን ይገባዋል።

(9) እንግዲህ መፍትሔው ከምክንያቶቹ መነሣት አለበት። አሳማ አንዱን ድምፅ ስለሚለምድ የማስፈራሪያው ዐይነትና ቦታ መለዋወጥ ይኖርበታል። በቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚመጣ በማሳውና በቁጥቋጦው መካከል የተመነጠረ ባዶ ሥፍራ ማበጀት ይረዳል። አጥሩ ወይም ቦዩ በአንድ ሰው ማሳ ጫፍ ላይ ካበቃ አሳማው ዞሮ ስለሚገባ፣ በመንደሩ ዳርቻ ሁሉ ተያይዞ መሠራት አለበት። እህሉ ሲደርስ ጎረቤታሞች በአንድ ሰሞን ቢያጭዱ በመጨረሻ የቀረው ማሳ የመንጋው ሁሉ መናኸሪያ አይሆንም። ከሁሉም በላይ የሌሊቱ ጥበቃ ዳረኛውና መሀለኛው ተራ የሚገቡበት የጋራ ሥራ መሆን አለበት። ለአጨዳና ለውቂያ ደቦና ወንፈል የሚያውቅ ሕዝብ ለጥበቃም ይህንኑ ልማድ ሊያውለው ይችላል። ጥፋቱ ከዚህ ካለፈም የደረሰውን ጉዳት በቀን፣ በቦታና በመጠን መዝግቦ በቀበሌው በኩል ለወረዳው ማቅረብ ተገቢ ነው።

(10) መፍትሔ መስለው ጥፋት የሚያስከትሉም መንገዶች አሉ። ማሳ ዳር የተበተነ መርዝ ውሻን፣ ከብትንና ጥንብ አንሣን ይፈጃል፤ በውሃ ዳር ከሆነ ደግሞ ሰውንም ያሰጋል። የአሳማ መደበቂያ ነው ብሎ ረግረጉን ማቃጠል ወይም ማድረቅም እንደዚሁ ነው። የጨፋ ረግረግ በበጋና በድርቅ ጊዜ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች መጠጊያ ነው። በ1994 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. በ2002) በደረሰው ድርቅ ወደ 50,000 የሚገመቱ አርብቶ አደሮች 200,000 ያህል እንስሳት ይዘው በዚሁ ሸለቆ እንደ ተጠጉ በጊዜው የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ዘገባ ይገልጻል። አሳማን ለማስወገድ ሲባል ይህን ሥፍራ ማጥፋት ጎተራን ከአይጥ ለማዳን ጎተራውን ማቃጠል ነው። አሳማ ከአንድ ማሳ ቢባረር ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ለብቻው የሚያባርር ሰው ችግሩን ወደ ጎረቤቱ ይልከዋል እንጂ አይፈታውም፤ የሚፈታው አብረው የሚጠብቁ ሲሆኑ ነው።

መ. ምንባቡን መረዳት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. ከርከሮና የዱር አሳማ በጠባያቸው የሚለያዩበትን ዋና ነገር ግለጹ። ይህ ልዩነት በገበሬው ላይ ምን ያስከትላል?
2. በአንቀጽ 4 ውስጥ «በኩንታል ሰፍሮ መናገር አይቻልም» የተባለው ጉዳት የትኛው ነው?
3. በአንቀጽ 5 የተጠቀሱትን አራት ምክንያቶች በራሳችሁ አነጋገር በአጭሩ ጻፉ።
4. «ትናንት መሀል የነበረው ማሳም ዛሬ ዳር ይሆናል» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
5. የአሜሪካው ታሪክ የቀረበው ለምንድን ነው? ከእኛ ሁኔታ ጋር የሚመሳሰልበትንና የሚለያይበትን ነጥብ አንድ አንድ ጥቀሱ።

ሠ. ቃላትና ትርጉማቸው

ትርጉማቸው የሚቀራረብ ቃላትን እንደ ልብ ማለዋወጥ የድርሰትን ሐሳብ ያደበዝዛል። ከዚህ በታች የቀረቡትን አራት ግሦች አስተያዩ።

ማባረር፦ በዚያ ሰዓት ከዚያ ቦታ እንዲርቅ ማድረግ። የተባረረው ነገር የት እንደ ሄደ ቃሉ አይነግረንም።
መከላከል፦ ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት እንዳይደርስ መንገዱን መዝጋት። አጥር፣ ቦይና የተመነጠረ ዳርቻ የመከላከያ ምሳሌዎች ናቸው።
መቆጣጠር፦ ነገሩ ቢኖርም ከልክ እንዳያልፍ በዘላቂነት መያዝ። ጊዜን፣ ትዕግሥትንና የብዙ ሰዎችን ትብብር ይጠይቃል።
ማጥፋት፦ ፈጽሞ እንዳይኖር ማድረግ።

አንድ ገበሬ «አሳማውን ተቆጣጠርኩት» ቢል፣ ነገር ግን ያደረገው ቆርቆሮ መምታት ብቻ ቢሆን ቃሉ ከሥራው በልጧል። «አጥፉት» ተብሎ የታዘዘ ሰውም «ተቆጣጠሩት» ከተባለው የተለየ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ቃል መምረጥ ሥራ መምረጥ መሆኑን አትዘንጉ።

መልመጃ አንድ
ከአራቱ ግሦች ተስማሚውን መርጣችሁ በባዶው ቦታ አግቡ።
1. የወባ ትንኝ እንዳትራባ ያቆረ ውሃን ማፋሰስ በሽታውን ________ ነው።
2. ውሻው ቀበሮዋን ከበጎቹ በረት ________።
3. የወንዙን ሙላት በግድብ ________ ይቻላል።

ረ. ሰዋስው

አንድ፦ ምክንያትን፣ ውጤትንና ዓላማን የሚያሳዩ አያያዦች

ችግርንና መፍትሔን በሚያስተሳስር ድርሰት ውስጥ የዐረፍተ ነገሮቹ ግንኙነት በግልጽ መታየት አለበት። ለዚህም የሚረዱን የሚከተሉት ናቸው።

ምክንያት፦ «አሳማው ሌሊት ስለሚወጣ ገበሬው ማማ ላይ ያድራል።» እዚህ ላይ «ስለ» ከግሥ ጋር ተያይዞ ምክንያትን ያመለክታል። «ስለ አሳማ ተናገረ» ሲባል ግን ከስም በፊት መግባቱንና የሚነገርበትን ጉዳይ ማመልከቱን ለዩ።
ምክንያት በሌላ አቀራረብ፦ «ገበሬው ማማ ላይ ያድራል፤ አሳማው ሌሊት ይወጣልና።» በግሡ መጨረሻ የተጨመረው «ና» ምክንያቱን ከውጤቱ በኋላ ያመጣዋል።
ውጤት፦ «አሳማው የቆርቆሮውን ድምፅ ለመደ፤ ስለዚህ አይሸሽም።»
ዓላማ፦ «አሳማው እንዳይገባ አጥሩን አያያዙት።»
ተቃርኖ፦ «ምንም እንኳ ገበሬው ሌሊቱን ሲጠብቅ ቢያድርም ማሳው ከጥፋት አልዳነም።»

ምክንያትና ዓላማ እንዳይደባለቁባችሁ ተጠንቀቁ። ምክንያት ከድርጊቱ በፊት የነበረ ነው፤ ዓላማ ግን ከድርጊቱ በኋላ እንዲገኝ የሚፈለግ ነው።

ሁለት፦ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊና ተደራራጊ ግሥ

«ጠበቀ» ከሚለው ግሥ የወጡትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ተመልከቱ።

አድራጊ፦ ገበሬው ማሳውን ጠበቀ።
አስደራጊ፦ ገበሬው ማሳውን በልጁ አስጠበቀ።
ተደራጊ፦ ማሳው ተጠበቀ።

ሦስቱም ስለ አንድ ማሳና ስለ አንድ ሌሊት የተነገሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ማማው ላይ ማን እንዳደረ አይነግረንም። ሁለተኛው ግን ያደረው ልጁ መሆኑን ያወጣዋል። ስለዚህ በተደራጊ ግሥ በምትጠቀሙበት ጊዜ ሁሉ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። «አሳሞቹ ተባረሩ» የሚል ዐረፍተ ነገር ስታገኙም «ማን አባረራቸው? ወዴትስ ሄዱ?» በሉ። ድርጊቱን የፈጸመውን ሰው የሚደብቅ ዐረፍተ ነገር አንዳንድ ጊዜ የችግሩን ምክንያትም ይደብቃል።

ተደራራጊ ግሥ ደግሞ ድርጊቱ በሁለት ወገኖች መካከል የሚመላለስ መሆኑን ያሳያል፦ «ዳረኛውና መሀለኛው በጥበቃው ተረዳዱ።» የምንባቡ ዋና ሐሳብ በዚህ በአንዱ ግሥ ሊጠቃለል ይችላል።

መልመጃ ሁለት
1. በምንባቡ ውስጥ ከሚገኙት ዐረፍተ ነገሮች ምክንያትን የሚያሳዩ ሁለት፣ ዓላማን የሚያሳይ አንድ አውጥታችሁ ጻፉ።
2. የሚከተሉትን ወደ አድራጊ ግሥ ለውጡ፤ የጎደለውን ባለቤት ከራሳችሁ ጨምሩ። ሀ/ መርዙ በማሳው ዳር ተበተነ። ለ/ አጥሩ ሳይታደስ ቀረ። ሐ/ የጉዳቱ መጠን ተመዘገበ።

ሰ. ድርሰት

ከመጻፋችሁ በፊት አስተዋጽኦ አዘጋጁ። የአስተዋጽኦው ቅርፅ እንዲህ ይሁን።

መግቢያ፦ ችግሩ የትና መቼ እንደሚታይ፣ የሚጎዳውም ማን እንደ ሆነ።
ሐተታ፦ ሀ/ ጉዳቱ፤ ለ/ ምክንያቶቹ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አንቀጽ ወይም ዐረፍተ ነገር፤ ሐ/ መፍትሔዎቹ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ምክንያት ጋር የተያያዙ።
መደምደሚያ፦ አንባቢው ይዞት እንዲሄድ የምትፈልጉት አንድ ሐሳብ።

አሁን ደካማ የሆነ አንቀጽ እንመልከት።

«በአካባቢያችን አሳማ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። ይህም በጣም አሳዛኝ ነው። ስለዚህ የሚመለከተው ክፍል አንድ ነገር ማድረግ አለበት። እኛም ሁላችን ተባብረን ብንነሣ ችግሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይወገዳል።»

ይህ አንቀጽ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ሆኖም ከአንብባችሁ በኋላ የምታውቁት አዲስ ነገር የለም። «ብዙ ጉዳት» የተባለው ምን ያህል ነው? «የሚመለከተው ክፍል» ማን ነው? «አንድ ነገር» ምንድን ነው? «ተባብረን» የተባለው ማን ከማን ጋር፣ ምን ለመሥራት ነው? ምክንያቱም ጨርሶ አልተነሣም። አሁን ደግሞ ይኸው ሐሳብ እንዴት እንደ ታረመ ተመልከቱ።

«በመንደራችን የዱር አሳማ ጥፋት የሚበረታው ማሽላው በሚያፈራበት ሰሞን፣ ያውም ከረግረጉ በሚዋሰኑት ማሳዎች ላይ ነው። መንጋው ሌሊት የሚመጣው ማሳውን ተጠግቶ በበቀለው ቁጥቋጦ ተሸሽጎ ስለ ሆነ ጠባቂው የሚያየው እህሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ከዘር ወቅት በፊት የመንደሩ ሰው በደቦ ወጥቶ የማሳዎቹን ዳርቻ ቢመነጥርና በማፍሪያው ሰሞን መሀለኞቹ ከዳረኞቹ ጋር በማማው ተራ ቢገቡ፣ መንጋው ሳይታይ የሚገባበት መንገድ ይጠባል።»

በታረመው አንቀጽ ውስጥ ጊዜው፣ ቦታው፣ ምክንያቱና ሠሪው ተለይተው ታውቀዋል። መፍትሔውም ከልኩ በላይ ተስፋ አይሰጥም፤ «ችግሩ ይወገዳል» አላለም፤ «መንገዱ ይጠባል» አለ እንጂ። ጥሩ ጸሐፊ ሊጠብቀው የማይችለውን ቃል አይሰጥም።

መልመጃ ሦስት
1. «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከአንቀጽ 7 ሐሳብ ጋር በማገናዘብ በአንድ አንቀጽ አብራሩ።
2. በምትኖሩበት አካባቢ አዝመራ የሚጠብቁ ሰዎችን ጠይቁ። በየትኛው ሰዓትና ወር እንደሚጠብቁ፣ ከየትኛው እንስሳ እንደሚከላከሉ፣ ተራ ገብተው ወይም በየግላቸው እንደ ሆነ መዝግቡ። ታላላቆቻችሁን ስትጠይቁ በአክብሮት ይሁን፤ የነገሯችሁንም ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ጻፉ። በከተማ የምትኖሩ ከሆነ የቆሻሻ ክምችትን ወይም የውሃ እጥረትን የመሰለ የጋራ ችግር ምረጡ።
3. ያገኛችሁትን መረጃ በመጠቀም ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ። ስትጨርሱ እያንዳንዱን መፍትሔ በጣታችሁ ይዛችሁ «ይህ ከየትኛው ምክንያት ተነሣ?» ብላችሁ ፈትኑት። ምክንያት የሌለውን መፍትሔ ሰርዙ፤ ወይም ምክንያቱን ፈልጋችሁ ጻፉለት።
4. ድርሰታችሁን ለቤተሰባችሁ አንብቡ። «ይህ በእኛ ማሳ ይሠራል» ወይም «አይሠራም» የሚሏችሁን ሰምታችሁ እንደገና አርሙት። የድርሰታችሁ እውነተኛ ፈታኝ ማሳውን ሲጠብቅ ያደረው ሰው ነውና።